የመኪና እሳት ማጥፊያ፦ ምን ዓይነት፣ ስንት ኪሎ፣ የትስ ይቀመጥ?

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን)

ጤና ይስጥልኝ። ከደብረ ብርሃን ሸዋ ሮቢት በቤት መኪና እመላለሳለሁ፤ ብዙ ጊዜም ልጆቼንና በዕድሜ የገፉ እናቴን ይዤ ነው የምጓዘው። ለቦሎ ምርመራ ሲባል የተገዛ ባለ 1 ኪሎ የዱቄት እሳት ማጥፊያ አለኝ፤ በብዙዎች መኪና እንደሚታየው የእኔም ከኋላ ከትርፍ ጎማውና ከክሪኩ ጋር ተቀምጧል። የግፊት መለኪያው ቀስት አረንጓዴው ላይ ነው። ይህ መጠን ለቤት መኪና ይበቃል? ከደብረ ብርሃን ብርድ ወደ ሸዋ ሮቢት ሙቀት መመላለሱስ አይጎዳውም? ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሻላል የሚሉኝም ስላሉ፣ ሥራውን የምታውቁ ብታስረዱኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

መልስ (የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ)

ወንድሜ፣ ከዓይነቱም ከኪሎውም በፊት የተቀመጠበትን ቦታ ይቀይሩ። ባለ 1 ኪሎ ሲሊንደር አንዴ ከተጫኑት ከ10 ሰከንድ ብዙም ሳይዘልቅ ባዶ የሚሆን መሣሪያ ነው፤ ስለዚህ የሚጠቅመው እሳቱ ገና ትንሽ ሳለ ብቻ ሲሆን፣ ሻንጣና ጆንያ እያነሱ ሲፈልጉት ያ ጊዜ ያልፋል። ትክክለኛ ቦታው ሹፌሩ እጁን ዘርግቶ የሚያገኘው ነው፦ ከወንበሩ ፊት ወይም ጎን፣ ከወለሉ ጋር በብሎን በታሰረ ማቀፊያ ውስጥ። ሳይታሰር ከወንበር ሥር የተተወ ሲሊንደር ቁልቁለት ላይ ተንከባሎ ፍሬን ፔዳል ሥር ሊገባ ይችላል፤ ጣርማበርን ሲወርዱ ይህ ከእሳቱ የከፋ አደጋ ነው።

ለመኪና የሚመረጠው ኤ፣ ቢ እና ሲ የሚል ምልክት ያለበት ደረቅ ዱቄት ነው፤ የወንበር ጨርቅና ፕላስቲክን፣ ቤንዚንና ናፍጣን እንዲሁም ጋዝን ያጠፋል፣ በተራ መኪና ባትሪና ሽቦ ላይም መርጨት ይቻላል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ዱቄት ስለማይተው ለቢሮ ዕቃ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ሜዳ ላይ ነፋስ ይበትነዋል፣ የጣርማበርን ነፋስ ደግሞ እርስዎም ያውቁታል። በተዘጋ መኪና ውስጥ ከተረጨም ሰው ያፍናል። ቦታ ካለዎት ባለ 2 ኪሎ ዱቄት ይግዙ።

ጭስ ከኮፈኑ ሥር ሲያዩ መኪናውን ዳር ያውጡ፣ ሞተሩን ያጥፉ፣ ሲሊንደሩን ከመንካትዎ በፊት እናትዎንና ልጆቹን ከአስፋልቱና ከመኪናው አርቀው ያውርዱ። ከዚያ ኮፈኑን ከውስጥ ያላቁት እንጂ ወደ ላይ ብድግ አድርገው አይክፈቱት፤ አየር ሲገባ ነበልባሉ ፊትዎ ላይ ይነሣል። ነፋሱን ከጀርባዎ አድርገው፣ ቀለበቱን ስበው፣ በጠባቡ ክፍተት በኩል ወደ እሳቱ ሥር ይርጩ። ዱቄቱ አልቆ እሳቱ ካልሞተ፣ ወይም ነበልባሉ ወደ ውስጥ ከዘለቀ፣ መኪናውን ይተዉት። የቤንዚን ጀሪካን ከኋላ ከተጫነማ ለማጥፋት መሞከርም አይገባም።

በጋራዥ ከሚያጋጥሙኝ ነገሮች አንዱ ያለ ፊውዝ ከባትሪው በቀጥታ የተሳበ የቴፕና የተጨማሪ መብራት ሽቦ መሆኑን እግረ መንገዴን ላንሣ፤ የእርስዎንም ያስፈትሹ።

መልስ (የጭነት መኪና ሹፌር)

ከላይ የተሰጠው ምክር ለሞተር እሳት ትክክል ነው፤ በዚህ መንገድ ላይ ግን የጎማን እሳትም ማሰብ ያስፈልጋል። መንገዱ ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነው ጣርማበር ተነሥቶ በደብረ ሲና በኩል 1,300 ሜትር ገደማ ወዳለው ሸዋ ሮቢት ይወርዳል፤ ይህን ሁሉ ቁልቁለት ፍሬን እየረገጠ የሚወርድ ሰው የፍሬኑን ሸራ ያግለዋል፣ ሽታው ቀድሞ ይመጣል፣ ከዚያ ጎማው ይያያዛል። ዱቄት ነበልባሉን ይመታል እንጂ ጎማውንና የፍሬኑን ከበሮ (ሸራው የሚፋተግበትን ብረት) አያቀዘቅዝም፣ ስለዚህ የጠፋ የመሰለው እሳት ከጥቂት ደቂቃ በኋላ መልሶ ይነሣል። የሚያበርደው ብዙ ውኃ ነው፤ እኔ ሙሉ ጀሪካን ሳልይዝ አልወጣም። ውኃውን ሲያፈሱ በጎማው ጎን አይቁሙ፣ ጎማው ሊፈነዳ ይችላልና ከፊት ወይም ከኋላ በኩል ይቅረቡ። ከሁሉም የሚበልጠው ግን በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ማርሽ ሞተሩ እየያዘ መውረድ ነው።

መልስ (የፋብሪካ ደህንነት ሠራተኛ፣ ሸዋ ሮቢት)

ስለ ሙቀቱ ልመልስ። በብዙ ሲሊንደሮች ላይ የሚጻፈው ከፍተኛ ሙቀት 60 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። እዚህ እኛ ዘንድ ፀሐይ ላይ መስኮቱ ተዘግቶ የዋለ መኪና ዳሽቦርዱ ከዚህ ሊያልፍ ስለሚችል፣ ሲሊንደሩን ዳሽቦርድ ላይም ሆነ ከኋላ መስታወት ሥር ማስቀመጥ አይገባም፤ ወለሉ ከሁሉ የተሻለ ቀዝቃዛ ነው። በደብረ ብርሃን ውርጭ ማለዳ ቀስቱ ትንሽ ዝቅ ቢል አይደንግጡ፣ ጋዝ ሲቀዘቅዝ ግፊቱ ይቀንሳልና ቀን ሞቅ ሲል ደግመው ይዩት።

ቀስቱ አረንጓዴ ላይ መሆኑ ግን ግፊት መኖሩን እንጂ ዱቄቱ ደኅና መሆኑን አይነግርዎትም። በመንገድ ንዝረት ዱቄቱ ከታች ተጠቅጥቆ ይደርቃል፤ እንዲህ የሆነ ሲሊንደር ሲጫኑት ጋዙን ብቻ ተንፍሶ ሊቀር ይችላል። በወር አንድ ጊዜ ገልብጠው በደንብ ይነቅንቁት፣ በየዓመቱም ባለሙያ ይየው። ለሙከራ ብሎ ትንሽ መርጨትም አይገባም፤ ዱቄቱ ቫልቩ ላይ ስለሚቀር ግፊቱ ቀስ እያለ ያልቃል፤ ጥቂትም ቢሆን ከተነካ እንደገና መሞላት አለበት።

ጠያቂው

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ዛሬውኑ ወደ ፊት አምጥቼ አስራለሁ፣ ባለ 2 ኪሎም እገዛለሁ። አንድ ነገር ልጨምር፦ ታላቅ ወንድሜ በቅርቡ የኤሌክትሪክ መኪና ገዝቷል፤ ይኸው ዱቄት ለእርሱም ይሠራል?

መልስ (የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ)

በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ በ2024 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከተከለከለ ወዲህ ይህ ጥያቄ እየበዛ ነው። ለወንበር፣ ለፕላስቲክና ለተራው ሽቦ እሳት ዱቄቱ ይሠራል፣ ስለዚህ ይያዝ። ከወለሉ ሥር ያለው የሊቲየም ባትሪ ከተያያዘ ግን ሙቀቱ የሚመነጨው ከራሱ ከባትሪው ውስጥ ስለሆነ ዱቄት አያቆመውም፤ ለረጅም ጊዜ የሚፈስ እጅግ ብዙ ውኃ ያስፈልጋል። ወንድምዎ ከሥር ጭስ ካየ ወይም የፉጨት ድምፅ ከሰማ፣ ሁሉንም አውርዶ ይራቅ፣ ጭሱ መርዛማ ስለሆነ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ይቁም፣ ለእሳት አደጋ ሠራተኞችም መኪናው የኤሌክትሪክ መሆኑን አስቀድሞ ይንገር። የጠፋ ባትሪ ከሰዓታት፣ አንዳንዴም ከቀናት በኋላ ሊነሣ ስለሚችል፣ ተጎትቶ ሲመጣ ከቤትና ከሌላ መኪና ርቆ ሜዳ ላይ ይቀመጥ።