የድሮው ማስል ካር ይሻላል ወይስ የዘንድሮው?

ሚኪ (ቨርጂኒያ)፦
ቅዳሜ ቡና ላይ የተጀመረ ጭቅጭቅ ነው፤ እዚህ እንጨርሰው። አንድ ወዳጃችን «በፈረንጅ ከ1970 ወዲህ ማስል ካር የሚባል ነገር አልተሠራም» ብሎ ድርቅ አለብን። እኔ ደግሞ የዘንድሮው በሁሉም ነገር ያስከነዳዋል ባይ ነኝ። ለማያውቅ ባጭሩ፦ አሜሪካኖች መካከለኛ፣ ኪስ የማይጎዳ መኪና ወስደው ትልቅ ቪ8 (ባለ ስምንት ሲሊንደር) ሞተር ሲጭኑበት ማስል ካር ይሉታል። ብዙ ሰው ታሪኩን የሚጀምረው ከ1964ቱ ፖንቲያክ ጂቲኦ ነው። ባለ 6.4 ሊትር ሞተር ነበር።

በቁጥር እንሂድ። የድሮዎቹ ንጉሥ 426 ሄሚ የሚባለው የክራይስለር ሞተር ነው፤ 425 የፈረስ ጉልበት። የ2023ቱ ዶጅ ቻሌንጀር ዲመን 170 በኤታኖል ነዳጅ 1,025 ያወጣል። ከእጥፍ በላይ! ሌላ ምን ቀረ?

ሄኖክ (ሜሪላንድ፣ መካኒክ)፦
ሚኪዬ፣ ያንን 425 ባትጠራው ይሻልህ ነበር። ሞተሩ ብቻውን ቆሞ የተለካ ነው። ማርሚታ (የጭስ ማውጫው ድምፅ ማፈኛ) የለ፣ የአየር ማጣሪያ የለ፣ ዲናሞ የለ። ሁሉም ነገር ተገጥሞለት፣ መኪናው ላይ እንደሚሆነው ተለክቶ መጻፍ የተለመደው ከ1972 ጀምሮ ነው። በዚያ ላይ ኢንሹራንስ እንዳይወደድ ብለው ሆን ብለው ዝቅ አድርገው የጻፉም ነበሩ። በድሮ ወረቀት አትማል፤ ወደ ላይም ወደ ታችም ይዋሻል።

በፍጥነት ከሆነ ግን አዎ፣ የድሮው ተሸንፏል። እዚህ ግማሻችን ኡበር የምንሠራበት ካምሪ፣ ቪ6 ከሆነ፣ ከነዚያ ብዙዎቹን ትንፋሽ ያሳጥራቸዋል። የእኔ ክርክር ሌላ ነው፤ ቆይቼ እመለሳለሁ፤ ደንበኛ መጣ።

ጋሽ ታደሰ (ዲሲ)፦
ልጆች፣ እናንተ በወረቀት ታወራላችሁ፤ እኔ ነድቻቸዋለሁ። በፈረንጅ 1980ዎቹ መሀል ዲሲ ፓርኪንግ እሠራ ነበር። ያልነዳሁት መኪና የለም፤ ሁሉንም ግን ሃምሳ ሃምሳ ሜትር። አንድ ቀን የ1969 ዶጅ ቻርጀር መጣ፤ አረንጓዴ። ዝናብ ጥሏል። ቁልፉን ሳዞረው መሬቱ ተንቀጠቀጠ፤ ደስ አለኝ። ወደ ምድር ቤት በሚወስደው ቁልቁለት ስወርድ ፍሬን ረገጥኩ። መኪናው ሊያስብበት ነው! ፍሬኑ የፊቱም የኋላውም ባለ ታምቡር (እንደ ከበሮ ክፍት በሆነ ብረት ውስጥ የሚይዝ) ነው፤ ውስጡ ውሃ ገብቷል። ከዚያ አንዱ ጎማ ብቻ ያዘና መኪናውን ወደ ግድግዳው ጎተተው። አንድ ክንድ ሲቀረኝ ቆመ። እጄ ሲንቀጠቀጥ ቁልፉን መስቀያው ላይ መስቀል አቃተኝ። ውብ ነበር፤ ግን የሰው ነፍስ አይወድም።

ሚኪ፦
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ! ዛሬ ኤቢኤስ (ፍሬን ሲረገጥ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርገው) አለ፣ ኤርባግ አለ፣ መሪው በግጭት ጊዜ ደረት እንዳይወጋ ተደርጎ ነው የሚሠራው። አምርሮ የሚከራከረኝ ካለ ይምጣ።

ቤዛ (ዳላስ)፦
እኔ አለሁ። ነፍስን ተውና የዘንድሮው የቱ ነው? የሼቭሮሌት ካማሮና ባለ ቪ8 ቻሌንጀር በ2023 መጨረሻ ተቋረጡ። ዶጅ ቀጥሎ ያመጣው ቻርጀር ዴይቶና በኤሌክትሪክ የሚሄድ ነው። 670 የፈረስ ጉልበት አለው፤ አልክድም። ግን ሞተሩ ድምፅ ስለሌለው ድምፅ ማውጫ ገጠሙለት። እስከ 126 ዴሲቤል ይጮኻል ይላሉ። ወገኖቼ፣ በስፒከር የሚያገሳ አንበሳ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ክብደቱ ደግሞ 2.6 ቶን ገደማ! ጡንቻ ነው ወይስ ቦርጭ?

ቅድስት (አዲስ አበባ)፦
ቤዚዬ፣ በእኛ አገር ሕግ ከሁላችሁ መኪና የሚገባው እሱ ቦርጫሙ ብቻ ነው 😄 ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ተከልክሏል። ሄሚውን ብትልኩልኝም ከጉምሩክ አላወጣውም።

ቤዛ፦
እሺ ቅዱ፣ ስፒከሩን ለአንቺ ለቀቅኩ።

ሄኖክ፦
ተመለስኩ። የመጣው ደንበኛ ለራሱ ለክርክሩ ማስረጃ ነው። የቅርብ ጊዜ ሞዴል ነው፤ የፊት መብራት ተሰበረበትና ራሱ ገዝቶ ቀየረ። መኪናው አዲሱን መብራት «አላውቅህም» አለው። በኮምፒውተር ካልተዋወቁ አይበራም፤ ማዋወቂያው ያለው ደግሞ አንድ አከፋፋይ ጋ ነው (ስሙን አልጠራም)። ለማዋወቅ ብቻ የጠየቁትን ስሰማ እኔም አፈርኩ።

አሁን የ1967 ፎርድ ሙስታንግ ኮፈን ክፈቱ። ከሞተሩ ጎን ቆማችሁ መሬቱን ታያላችሁ፤ ያን ያህል ቦታ አለው። የፑንቲናውን (እየተከፈተ እየተዘጋ ለሻማው እሳት የሚያስነሳውን) ክፍተት መለኪያ ከሌላችሁ በክብሪት ካርቶን ታስተካክላላችሁ። ካርቡራተሩን በጠፍጣፋ ካቻቢቴ ትንሽ ታዞሩና በጆሮ ታዳምጣላችሁ፤ ሲረጋጋ ታቆማላችሁ። ይኸው ነው። የድሮውን የገዛ ሰው መኪናው የእሱ ነው። የዘንድሮውን የገዛ ግማሹ የኩባንያው ነው። ጋሽ ታደሰ ፍሬኑን ፈርተው ነው፤ እውነታቸውን ነው። እሱንም ግን በዲስክ ቀይሬ አሳያችኋለሁ፤ ማንንም ፈቃድ ሳልጠይቅ።

ሚኪ፦
ስንት ሰው ነው ፑንቲና የሚያስተካክለው ዛሬ? እኔ ጠዋት ተነስቼ ሥራ መሄድ ነው የምፈልገው።

ቤዛ፦
ዋጋውንስ ማን አነሳ? ሙስታንግ በሚያዝያ 1964 ኒው ዮርክ ላይ ሲወጣ መነሻው 2,368 ዶላር ነበር። በዛሬ ዋጋ 24 ሺህ ዶላር ገደማ ቢሆን ነው፤ የፋብሪካ ሠራተኛ ልጅ ይገዛው ነበር። ዛሬ ባለ አራት ሲሊንደሩ ራሱ ከ30 ሺህ በላይ ነው፤ ቪ8 ካልሽ ከ40 ሺህ ያልፋል። የወጣቱ መኪና የነበረው የባለ ደሞዙ ሆነ።

ሚኪ፦
ያ 2,368 ዶላር እኮ የባለ ስድስት ሲሊንደሩ ነው፤ ቪ8 ለመጫን ጭማሪ አለው። ደግሞ «የድሮ» የምትሉት ሁሉ ወርቅ አልነበረም። የጭስ ሕግ መጣ፣ ኢንሹራንስ ተወደደ፣ በ1973 ዓረቦቹ ነዳጅ ዘጉ፤ የ1974ቱ ሙስታንግ አሜሪካ ውስጥ ቪ8 ጭራሽ አልነበረውም! እሱንም «የድሮ» ብላችሁ ትሳለሙታላችሁ?

ሄኖክ፦
እሱን እንኳ ለአንተ ሰጠሁ። ውሰደው።

ቅድስት፦
እዚህ አንድ ሰፈራችን ያለ ሰው የ1960ዎቹ ፎልስ አለው። ነዳጅ ሲጠፋ ይቆማል፤ ሲገኝ ይነሳል። እኔ ከሱ ጋር ነኝ።

ጋሽ ታደሰ፦
ሄኖክ፣ ዲስክ እቀይራለሁ ያልከው አፍህን ነው ወይስ እውነት? ጋራዥህ ጥግ ሸራ የለበሰ ቻርጀር ቆሞ አይቻለሁ፤ ቀለሙንም በቀዳዳው አይቻለሁ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እመጣለሁ። ሚኪም ያንን አዲሱን ይዞ ይምጣ። እኔ ሁለቱንም ሃምሳ ሃምሳ ሜትር እነዳና እነግራችኋለሁ። ካልዘነበ።