ከአሮጌ ማንኪያ ቅርጻ ቅርጽ እየሠራሁ ነው፣ ቀለም ልቀባቸው?

ህሊና፦ ሰላም ነው? ከዘመድም ከጓደኛም አሮጌ ማንኪያ ለምኜ ቅርጻ ቅርጽ እየሠራሁ ነው። ሰው በብዙ ሰው መሀል ራሱን ሳያጣ መኖር ይችላል ወይ የሚለውን ማሳየት ነው የምፈልገው፤ ግን በሽቦ አያይዤ ግድግዳ ላይ ስሰቅላቸው የብረት ክምር ብቻ ሆኑብኝ። ሁሉንም አንድ ቀለም ልቀባቸው ወይስ ለእያንዳንዱ የየራሱን ልስጠው?

ዘሩ፦ ኧረ ቀለሙ ይቅርብሽ! ልዩነቱ እኮ ማንኪያዎቹ ላይ አለ። ድስት ሲፋቅበት የኖረ ማንኪያ ጫፉ በአንድ ጎን ያልቃል፣ የቀኝ እጅ ተጠቃሚና ግራኝ የሚጨርሱት ጎን ደግሞ ይለያያል። እጀታው የተጣመመ አለ፣ ጥርስ ያረፈበት አለ። ቀለም ስትቀቢ ያንን ሁሉ ደፈንሽው። ለእያንዳንዱ የተለየ ቀለም መስጠትም ያው ነው፤ ልዩነቱን አንቺ አደልሻቸው እንጂ የራሳቸው አይደለም።

ማርታ፦ በዘሩ እስማማለሁ፣ ግን ርቀቱንም አስቢበት። ኤል አናትሱይን እዪ፤ ጋናዊ ቀራጺ ነው፣ ናይጄሪያ ውስጥ ረጅም ዓመት የሠራ። የጠርሙስ ክዳን እየጠፈጠፈ በመዳብ ሽቦ ያያይዛል፣ ከሩቅ ስታዪው የሚያብረቀርቅ ትልቅ ጨርቅ ይመስላል፣ ጠጋ ስትዪ ግን ክዳኖቹ ላይ ያለው ጽሑፍ ይነበባል። ኮሎምቢያዊቷ ቀራጺ ዶሪስ ሳልሴዶ እ.ኤ.አ. በ2003 ኢስታንቡል ውስጥ 1,550 ያህል ወንበር በሁለት ሕንጻዎች መሀል ስትከምር ደግሞ ሌላ ነው፤ አንዱን ወንበር ለይተሽ ልከተል ብትዪ ዓይንሽ ይጠፋበታል፣ ብዛቱ ይውጠዋል። አንቺ የቱን ነው የምትፈልጊው? መጀመሪያ እሱን ወስኚ።

ናሆም፦ እኔ ትንሽ ልለይ። ቡድን ሁልጊዜ ሰውን ይውጣል ያለው ማነው? ለእኔ ወሳኙ አያያዙ ነው። በብየዳ ከተጣበቁ አንዱም አይላወስም። በየራሳቸው ሽቦ ብታንጠለጥያቸው ግን አንዱ ሲነካ ጎረቤቱም ይነቃነቃል፣ ቦታውን ግን አይለቅም። ስቴንለስ ከሆኑ ደግሞ በተራ ስታኞ (ቀልጦ ብረት በሚያያይዘው ቆርቆሮ) አትድከሚ፣ አይይዝልሽም። እጀታው ላይ በሹል ብረት መተሽ ነጥብ አውጪ፣ ከዚያ ትራፓኖውን ቀስ አድርገሽ፣ ዘይት ጠብ እያደረግሽ ብሺው።

ህሊና፦ በጣም አመሰግናለሁ፣ ቀለሙን ትቼዋለሁ። ናሆም ያልከውን አንጠልጥዬ እሞክራለሁ። ከሥሩ የባለቤቶቹን ስም ልጻፍ?

ዘሩ፦ እኔ አልጽፍም ነበር። ሰው ስም ማንበብ ከጀመረ ማንኪያውን አያየውም። ይልቅ ባለቤቶቹን ጥሪያቸውና የየራሳቸውን ይፈልጉ። ፈልጎ ያጣ ካለ የሱን ማንኪያ ወደ ዓይን ከፍታ አምጪው፣ ዙሪያውንም ትንሽ ክፍት አድርጊለት።