ክረምቱ ሳያግደን ልጆቹን ጎጃም ውስጥ ወዴት እንውሰድ?

ጥያቄ፦ የሦስት ልጆች እናት (ፍኖተ ሰላም)

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። ትምህርት ቤት ተዘግቷል፤ ዝናቡም ፋታ አልሰጠንም፤ ልጆቼ ቀኑን ሙሉ ከቴሌቪዥን ፊት አይነሡም። ትልቋ 12 ዓመቷ ነው፤ ወንዱ 8፣ ትንሿ ደግሞ 4። በሐምሌ መጨረሻ ባሕር ዳር እህቴ ዘንድ ጥቂት ቀን እንሰነብታለን። በዚያ ጊዜ ዝናብ ቢመጣም ጣሪያ ሥር ሆነው የሚያዩት፣ ዕውቀት የሚቀስሙበት ቦታ እፈልጋለሁ። ሙዚየም ይሁን፣ የገዳም ዕቃ ቤት ይሁን፣ የእጅ ሥራ የሚታይበት ቤት ይሁን፣ ለእኔ ልዩነት የለውም።

ሁለት ነገር ያሳስበኛል። ትንሿ አንድ ቦታ ላይ ብዙ አትቆይም። እናቴም አብራን ትመጣለች፤ የጣና ገዳማትን ለመሳለም ስትመኝ ኖራለች፤ ነገር ግን ጉልበቷን ያማታል፣ ዳገት አይሆንላትም። የምታውቁትን ብትነግሩኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

መልስ፦ መምህርት ከባሕር ዳር

እህቴ፣ ልጆችን ሙዚየም ይዤ መሄድ ሥራዬም ደስታዬም ስለሆነ ጥያቄዎን በጉጉት አነበብኩት። ከቦታው በፊት ስለ አካሄዱ ልናገር። ልጅ ሙዚየም ውስጥ የሚሰለቸው ዕቃው ስለማይስበው አይደለም፤ ሁሉንም እንዲያይ ስለሚታዘዝ ነው። "ዛሬ ሦስት ነገር ብቻ እናያለን" ብለው ይግቡ። ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ሥራ ይስጧቸው፤ ትልቋ ዘመኑን ታንብብ፣ ወንዱ ዕቃው ከምን እንደተሠራ አስጎብኚውን ይጠይቅ፣ ትንሿ ደግሞ የእንስሳት ሥዕል ትፈልግ። ደብተርና እርሳስ ይያዙ፤ ሲመለሱ ያዩትን ይሣሉ። ጠዋት በደንብ በልተው ይውጡ፤ በራብ የሚያለቅስ ልጅ ዘውድ ቢያሳዩት ዘወር ብሎም አያይ።

ወደ ቦታው ስመለስ፦ ሙሉዓለም የባህል ማዕከል ቴአትርና ሙዚቃ ያቀርባል፤ እህትዎ የሳምንቱን መርሐ ግብር አስቀድማ ትጠይቅልዎ። ለትልቋ ልጅ ደግሞ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የስቴም ማዕከል አለ፤ ተማሪዎች ሳይንስን በእጃቸው እየሞከሩ የሚማሩበት ነው። በክረምት የሚቀበሉት በምዝገባ ስለሆነ በድንገት ከመሄድ በስልክ መጠየቁ ይሻላል።

ዓባይ ዳር ያለው የሰማዕታት ሐውልትም ሙዚየም አለው።

መልስ፦ የሁለት ልጆች አባት (ባሕር ዳር)

መምህርት ያሉትን ሁሉ እቀበላለሁ፤ በሰማዕታት ሐውልቱ ላይ ግን እለያለሁ። ሙዚየሙ የሚናገረው ከደርግ ጋር ስለተደረገው ጦርነትና በዚያ ስለወደቁት ሰዎች ነው። ለ12 ዓመቷ ልጅ ጥሩ ነው፤ ወላጅ አጠገቧ ቆሞ ካስረዳት የአያቶቿን ዘመን ትረዳበታለች። ለ4 ዓመቷ ግን አይሆንም፤ የ8 ዓመቱንም ልጅ እርስዎ ይመዝኑት። ትልቋን ይዘው ሲገቡ እህትዎ ትንንሾቹን ውጭ ወንዙን ታሳያቸው። በግንቦት 2016 የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይም ሩቅ አይደለም፤ 380 ሜትር ርዝመት አለው። ዝናቡ ጋብ ሲል ትንንሾቹ ከዳር እስከ ዳር እርምጃቸውን እየቆጠሩ ይሂዱበት፤ ከሙዚየሙ ይልቅ ይህን ይወዱታል።

መልስ፦ የዘጌ ልጅ (አስጎብኚ)

እህቴ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የምነግርዎ፣ ከጣና ገዳማት ሴት የማይገባባቸው አሉ። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ለወንድ ብቻ ናቸው። ቅርብ ነው ተብለው ክብራን ቢሄዱ ወንዱ ልጅ ብቻ ይገባል፤ እርስዎ፣ እናትዎና ሴቶች ልጆችዎ ዝናብ ላይ ትጠብቃላችሁ። ለእናንተ የሚስማማው የዘጌ ባሕረ ገብ መሬት ነው።

ዑራ ኪዳነ ምሕረት ክብ ቤተ ክርስቲያን ናት። በቅኔ ማኅሌቱ በኩል ሲገቡ መቅደሱን የከበበው ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በሥዕል ተሸፍኖ ያገኙታል። እዚህ ላይ ለልጆች የምሰጠው አንድ ሥራ አለ፦ "አንድ ዓይን ብቻ ያለውን ሰው ፈልጉ" እላቸዋለሁ። በጥንቱ የአሣሣል ሥርዓት ጻድቃንና መላእክት ፊታቸው ሙሉ ሆኖ፣ ሁለቱም ዓይናቸው ታይቶ ይሣላሉ፤ ክፉዎች ግን ፊታቸውን ወደ ጎን አዙረው በአንድ ዓይን። ይህን የሰማ ልጅ ጌታን የሚገርፉትን ወታደሮች ማንም ሳይነግረው ለይቶ ያወጣቸዋል። ጣቱን ቀስሮ ከአንዱ ሥዕል ወደ ሌላው ሲሮጥ፣ ሰለቸኝ የሚለው ቃል ከአፉ አይወጣም። ሥዕሉን በእጅ እንዳይነኩ ብቻ አስቀድመው ያስጠንቅቋቸው፤ ቀለሙ ስስ ነው፣ ጨርቁም አርጅቷል።

የበላዔ ሰብእን ታሪክም ካህኑ እንዲነግሯቸው ይጠይቁ። 78 ሰው የበላ ሰው፣ በእመቤታችን ስም ለተለመነው ለአንድ ድሃ ጥርኝ ውኃ ሰጠ፤ ነፍሱ በሚዛን ስትመዘን ያች ጥርኝ ውኃ የእመቤታችን ጥላ አርፎባት ክብደት አነሣች። የ8 ዓመት ልጅ ይህን ታሪክ አፉን ከፍቶ ነው የሚሰማው። ትንሿ ከፈራች ወደ ቅዱስ ጊዮርጊስ ፈረስ ይውሰዷት።

የገዳሙ ዕቃ ቤት የነገሥታት ዘውዶች፣ የብራና መጻሕፍትና መስቀሎች አሉት። የድንጋይ ደወሎቹን ድምፅም ልጆቹ ይስሙ፤ ድንጋይ እንደ ብረት ሲጮህ ማመን ያቅታቸዋል። ከዑራ ብዙም ሳይርቅ አንድ የጥንት የዘጌ መኖሪያ ቤት ሙዚየም ሆኖ ይጎበኛል፤ ዝናብ ከያዛችሁ እዚያ መጠለል ትችላላችሁ።

ስለ እናትዎ፦ ወደ ዑራ የሚወስደው መንገድ በቡና ጫካ ውስጥ ሽቅብ ይወጣል፤ ክረምት ያንሸራትታል። አዝዋ ማርያም ግን ለጀልባው መቆሚያ ትቀርባለች፣ ሥዕልም አላት። እናትዎ እዚያ ተሳልመው ከአንድ ሰው ጋር አረፍ ይበሉ፤ እናንተ ወጥታችሁ ትመለሳላችሁ። ይህም ከከበዳቸው ደብረ ማርያም ከባሕር ዳር አጠገብ፣ ዓባይ ከጣና በሚወጣበት ዘንድ ናት፤ ጉዞው አጭር ነው፣ ሴትም ትገባለች።

ጀልባውን ጠዋት ይያዙ። ሐይቁ ጠዋት የተኛ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሣና ማዕበሉ ልጆችን ያስደነግጣል። ከነሐሴ 1 እስከ 16 ፍልሰታ ነው፤ ቅዳሴው ወደ ቀትር ስለሚገባ በዚያ ሰዓት ለጉብኝት አይገባም። በሐምሌ መጨረሻ መምጣትዎ መልካም ነው። ነጠላ ይያዙ፤ ጫማ ስለሚወለቅ ለልጆቹ ደረቅ ካልሲ በቦርሳዎ አይጥፋ፤ ለመግቢያ የሚከፍሉትን ዝርዝር ብርም ያዘጋጁ።

መልስ፦ ከደብረ ማርቆስ

ሁሉም ስለ ባሕር ዳር ተናገረ፤ ለፍኖተ ሰላም ሰው ግን ደብረ ማርቆስ ይቀርባል። ከተማችን ድሮ መንቆረር ትባል ነበር። ራስ አዳል ተሰማ በ1873 በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ እጅ ነግሠው ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ሲባሉ መናገሻቸው ይህች ናት፤ የዛሬ ስሟንም ያገኘችው ከቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ነው። የንጉሡን ቤተ መንግሥት ለልጆች ማሳየት የጎጃምን ታሪክ ከደጃፉ እንደማስጀመር ነው። ከመነሣትዎ በፊት ለጎብኚ ክፍት መሆኑን ከከተማው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ያረጋግጡ።

መርጡለ ማርያምን ደግሞ ለበጋ ያስቀምጡልኝ። እቴጌ እሌኒ ያሠሩት የድንጋይ ሕንፃ ፍርስራሽ እዚያ ቆሟል፤ በድንጋዩ ላይ የተፈለፈለው አበባና ሐረግ ዛሬም ይታያል፤ ገዳሙም የራሱ ሙዚየም አለው። በክረምት ግን ልጅና አረጋዊት ይዞ ያን መንገድ መሄድ አይመከርም። በየትኛውም አቅጣጫ ቢሆን፣ በዋዜማው የመንገዱን ሁኔታ ከሾፌሮች ይጠይቁ።

መልስ፦ የቲሊሊ ልጅ

ስለ እጅ ሥራ ጠይቀው ነበርና፣ ሸማኔ ቤት ይውሰዷቸው። ለዚህ ከፍኖተ ሰላም መውጣትም አያስፈልግም፤ አክብሮ ለጠየቀ ሰው ሸማኔ ሥራውን ማሳየት ያስደስተዋል። እግሩ ጉድጓዱ ውስጥ ሆኖ መርገጫውን ሲረግጥ ድሩ ይከፈታል፤ መወርወሪያው ማጉን ይዞ ከግራ ወደ ቀኝ ይሾልካል፤ ከዚያ ጥብቅ አድርጎ ይመታዋል። ትንሿ ልጅዎ እንኳ ዓይኗን አትነቅልም፤ እንቅስቃሴው ራሱ ይይዛታል። አያት አብረው ስላሉ ደግሞ ትልቅ ዕድል ነው፤ ጥጡን እንዴት እንደሚፈለቅቁ፣ በእንዝርት እንዴት እንደሚፈትሉ እርሳቸው ያሳዩ። የልጆቹን ጋቢ ወይም ነጠላ እዚያው አዝዘው፣ ሲያልቅ ራሳቸው ሄደው ይቀበሉ።

መልስ፦ ጎጃሜ በአዲስ አበባ

ምናልባት በሌላ ጊዜ ዓባይ በረሃን ተሻግራችሁ ወደዚህ ከመጣችሁ፣ ከ4 ኪሎ እስከ 6 ኪሎ ባለው አንድ መንገድ ላይ ብቻ ለሁለት ቀን የሚበቃ ነገር አለ። በብሔራዊ ሙዚየም ሁሉም ወደ ድንቅነሽ ይሮጣል፤ ለትንሿ ግን ሰላምን ያሳዩልኝ። ሰላም በዲኪካ የተገኘች፣ 3 ነጥብ 3 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረች ሕፃን ናት፤ ስትሞት ወደ 3 ዓመት ገደማ እንደነበረች ሳይንቲስቶች ከጥርሷ አውቀዋል። የ4 ዓመት ልጅ "ከእኔ ታንሳለች?" ብላ መጠየቋ አይቀርም።

6 ኪሎ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ያለው ሙዚየም የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት የነበረ ነው፤ የንጉሠ ነገሥቱ መኝታ ቤትና መታጠቢያ ቤት ሳይቀር ይታያል። 4 ኪሎ የሳይንስ ፋኩልቲው ውስጥ ደግሞ የአገራችን አራዊትና አዕዋፍ ተጠብቀው የተቀመጡበት አለ። የሳይንስ ሙዚየሙ በ2015 ተከፍቷል፤ ፒያሳ ያለው የዓድዋ መታሰቢያ ደግሞ በየካቲት 2016። ሁለቱም ሰፊ ስለሆኑ በአንድ ቀን አይደራረቡ።

ጠያቂዋ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። የአንድ ዓይኑን ነገር ለልጆቼ ነግሬያቸው ከአሁኑ በቤታችን ያሉትን ሥዕሎች እየመረመሩ ነው። በአንዱ ቀን ዘጌን፣ በሌላው ቀን ሙሉዓለምን አስቤያለሁ፤ ሸማኔ ቤት ስንመለስ እዚሁ እንሄዳለን። የዘጌው ወንድሜ፣ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ፦ ለ4 ዓመት ልጅ የሚሆን ተንሳፋፊ ጃኬት ጀልባዎቹ ላይ ይገኛል?

የዘጌ ልጅ፦

በሁሉም ላይ አይገኝም። ስለዚህ በዋዜማው ወደቡ ድረስ ሄደው ጃኬቱን በዓይንዎ ይዩ፤ ልጅቷንም ይዘው ሄደው ያልብሷት። ማሰሪያውን አጥብቀው ከትከሻዋ ላይ ወደ ላይ ይሳቡት፤ አገጯን አልፎ ከወጣ ሰፊ ነው፣ ውኃ ውስጥ በራሷ በኩል ይወልቃል። በእናትዋ እቅፍ ትሁን የሚል ባለጀልባ ካጋጠመዎ ሌላ ይፈልጉ። ልኳ የሆነ ጃኬት ጨርሶ ከጠፋ ወደ ዘጌ በመኪና የሚወስድ መንገድ አለ፤ በእሱ ይምጡ። ለእናትዎም ከጀልባ መውጣት መውረዱ ይቀርላቸዋል።