አምስት ነገር ብቻ የሚበላ ልጅ ይዤ ደሴ ገባሁ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። ባለፈው ሳምንት አንዲት እህት «የሁለት ዓመት ልጄ ከፓስታ በቀር ምንም አይቀምስም፣ ምን ላድርግ?» ብላ ጠይቃ ነበር። ባጭሩ ልመልስላት ጀመርኩና ረዘመብኝ። ስለዚህ ለብቻው ይሁን ብዬ እዚህ ጻፍኩት። ሻይ ቢጤ ይዛችሁ አንብቡ።

የምኖረው ጀርመን ነው። ልጄ ሁለት ዓመት ከአስር ወሩ ነው። እስከ ጳጉሜ ድረስ የሚበላው አምስት ነገር ነበር። ምንም ያልነካው ነጭ ፓስታ፣ የቫኒላ እርጎ፣ ሙዝ፣ ቅርፊቱ የተነሳለት ዳቦና ወተት። ፓስታውም ቢሆን ጠመዝማዛው ብቻ ነው። ቀጥ ያለውን ከሠራሁ ሳህኑን በሁለት እጁ ይገፋዋል። አንድ ቀን ፓስታው ላይ አንዲት ጥቁር ነጥብ አገኘ። ቁንዶ በርበሬ ናት። የዚያን ቀን እራት ቀረ።

እዚህ ልጆች ሁለት ዓመት ሊሞላቸው ሲል ኡ7 የሚባል ምርመራ አለ። ቢጫ ደብተር ላይ ክብደትና ቁመቱን ጻፉና «መስመሩን ይዞ እያደገ ነው፣ አይጨነቁ» አሉኝ። መስመሩን መያዙን እኔም አየሁ። ግን የኛ አገር እናት መስመር አይታ መቼ ትረጋጋለች?

ቁጥሩ የገባኝ ቆይቶ ነው። ሕፃን በመጀመሪያው ዓመት ሲወለድ የነበረውን ክብደት ሦስት እጥፍ ያደርሰዋል። በሁለተኛው ዓመት የሚጨምረው ግን ሁለት፣ ሁለት ተኩል ኪሎ ገደማ ነው። እድገቱ ሲቀዘቅዝ ፍላጎቱም ይቀንሳል። እኛ የአምናውን ሕፃን ልናበላ እንታገላለን፣ እሱ ሌላ ሰው ሆኗል። በዚያ ላይ ከሁለት ዓመት አካባቢ ጀምሮ አዲስ ምግብ የመፍራት ጊዜ ይመጣል። እስከ አምስት ስድስት ዓመት ሊቆይ ይችላል። ምክንያቱን የሚገምቱት ባለሙያዎች፣ ገና በእግሩ መሄድ የጀመረ ልጅ ያገኘውን ቅጠል ሁሉ እንዳይጎርስ ተፈጥሮ የሰጠችው ጥንቃቄ ነው ይላሉ። ልጄ ለምስር ወጥ እንዲህ መጠንቀቁ ትንሽ ያስቀኛል።

ወደ ደሴ ልመለስ። በጳጉሜ መጨረሻ ኮምቦልቻ አረፍንና ሽቅብ ወጣን። ዝናብ ነው። የጦሳ ተራራ ጉሙን ተከናንቧል። እማዬ በር ላይ ቆማ ጠበቀችን። ልጁን አቅፋ፣ ስማ፣ ከዚያ ራቅ አድርጋ አየችው። «ምነው ልጄ፣ አንገቱ ሰለለሳ!» አለች። በቃ፣ ጦርነቱ ያኔ ተጀመረ።

እማዬ ልጅ የምታበላው በእግሯ እየተከተለች ነው። ሳህን በአንድ እጅ፣ ጉርሻ በሌላው። «ይህቺን ለአባዬ፣ ይህቺን ለአክስትዬ፣ ይህቺን ለዶሮዋ።» ዶሮዋ ላይ ሲደርስ ልጁ አልጋ ሥር ገብቷል። በሦስተኛው ቀን ትዕግሥቷ አለቀ። ጭኗ ላይ አጋድማ አጥሚት በእጇ ልትግተው ሞከረች። እኛንም እንደዚያ እየጋቱ ነው ያሳደጉን። ልጁ ትን አለው፣ አስታወከ። እሷ አለቀሰች፣ እኔም አለቀስኩ። ከዚያ በኋላ ማንኪያ ሲያይ አፉን በመዳፉ መሸፈን ጀመረ።

ተጣላን ማለት ይቻላል። «ስድስት ልጅ አሳድጌያለሁ፣ አንዳቸውም እንዲህ አልሆኑም» አለችኝ። «እኛ የበላነው ሌላ ስላልነበረ ነው» አልኳት። ሁለታችንም እውነት ተናገርን፣ ሁለታችንም ተኮራርፈን አደርን።

በአንድ ነገር ግን ትክክል ነበረች። «ይሄ ልጅ ጡጦ አይለየውም። ሆዱ ባዶ ሆኖ ያውቃል?» አለች። ቁጭ ብዬ ቆጠርኩ። በቀን አምስት ጡጦ፣ እያንዳንዱ 200 ሚሊ ሊትር። አንድ ሊትር ወተት! በዚህ ዕድሜ ግማሽ ሊትር ገደማ ይበቃዋል። የላም ወተት ሆድ ይሞላል፣ ብረት ግን የለውም ማለት ይቀላል። ብዙ ወተት የሚጠጣ ልጅ ምግብ አይፈልግም፣ ደሙም ሊያንስ ይችላል። ወፍራም ቢመስልም እንኳ። ጡጦውን ሻንጣ ውስጥ ደበቅኩት። ወተት በኩባያ፣ ጠዋትና ማታ ብቻ ሆነ። ሁለት ሌሊት አላስተኛንም። በሦስተኛው ረሳው።

ከዚያ ጎረቤታችን መጡ። ለቡና ነው የመጡት። ሙስሊም ናቸው። እኔ ሳልወለድ ጀምሮ ከእማዬ ጋር በአንድ ጀበና ነው የኖሩት። የልጁን ጉዳይ ስንነግራቸው ሳቁ። «አብሽሪ እታለም! ልጅ በልመና አይበላም። ከልጆች ጋር አስቀምጪውና እናንተ ወሬያችሁን አውሩ» አሉኝ። በማግስቱ ሁለት የልጅ ልጆቻቸውን ላኩ፤ አንዱ አራት፣ አንዷ ስድስት ዓመቷ ነው። የእህቴ ልጅም ነበረች። ቀኑ ረቡዕ ስለሆነ ትሪው የጾም ነበር። መቼም ወሎ ውስጥ ጎረቤት ከጎረቤት የሚለየው ሥጋ ሲሆን ብቻ ነው። የጾም ምግብ የሁሉም ነው። ነጭ ሽሮ፣ ምስር አልጫ፣ ጎመን፣ ድንች። ለልጆቹ ትሪ በርበሬ አልገባም።

ልጄን ጫፍ ላይ አስቀመጥኩት። እማዬን አስምያት ነበር፤ አንድ ቃል እንዳትናገር፣ አንድ ጉርሻ እንዳታነሳ። ፊቷን ወደ ረከቦቱ አዞረች። ልጆቹ ጨርሶ አላዩትም። የስድስት ዓመቷ ልጅ እንጀራ ቆረሰች፣ ድንች ጠቀለለችበት፣ ጎረሰች፣ ጣቷን ላሰች። እሱ ጣቷን አየ። ቀጥሎ የራሱን ጣት አየ። ከእንጀራው ጫፍ የጥፍር ያህል ቀደደ። ወጥ ሳያስነካ አፉ ውስጥ ከተተው፣ ትንሽ አቆየው፣ ከዚያ አወጣና እማዬ ቀሚስ ላይ በጥንቃቄ አስቀመጠው። እማዬ ቀሚሷን አየች። ከንፈሯን ነክሳ ቡናውን መቅዳት ቀጠለች። በሕይወቷ ያን ያህል ዝም ብላ የምታውቅ አይመስለኝም።

ያቺን ቁራጭ «አንድ» ብዬ ቆጠርኩ። አንድን አዲስ ምግብ ልጅ እስኪቀበለው ድረስ አስር፣ አስራ አምስት ጊዜ ማቅረብ ሊያስፈልግ ይችላል፤ ይህ በብዙ ጥናት የታየ ነው። አብዛኞቻችን ሦስቴ አራቴ ሞክረን «አይወደውም» ብለን እንዘጋለን። ማየት፣ መንካት፣ ማሽተት፣ መትፋትም ይቆጠራል። ግድግዳው ላይ ባለው የቀን መቁጠሪያ ላይ በእስክርቢቶ እየጫርኩ ያዝኩ። እንጀራ በምስር፣ አንድ ጭረት። ድንች፣ አንድ ጭረት። እማዬ አየችውና «የዕቁብ ነው?» አለችኝ።

ድንቹ በአራተኛው ገባ። የተቀቀለ በቆሎ እሸት በመጀመሪያው ቀን ነው የጋጠው፣ ምክንያቱን አትጠይቁኝ። እንጀራ በምስር አልጫ አስራ አንደኛው ላይ ዋጠ። ጎመን እስከ መጨረሻው እንቢ። መሀል ላይ አንድ ዘመድ በፍቅር ብዛት ቀይ ወጥ አጎረሰችውና ለሁለት ቀን እንጀራ የሚባል ነገር አላስጠጋም። ጭረቱ ግን አልተሰረዘም፣ ቀጠልን። ሐይቅ ከተማ ሄደን ትኩስ ጥብስ ዓሣ አቀረብንለት። አጥንቱን ለቅሜ፣ ፈትፍቼ። እሱ ተፍቶት ሐይቁ ላይ ያሉትን ወፎች ማየት መረጠ።

እንግዲህ ሳስበው፣ ለውጡን ያመጣው ትሪው ይሁን የጡጦው መቅረት በእርግጠኝነት ልነግራችሁ አልችልም። ሁለቱ በአንድ ሳምንት ነው የሆኑት። እኔ ግን ወተቱ ባይቀንስ ትሪው ብቻውን የሚሠራ አይመስለኝም። ያልተራበ ልጅ የማንንም ጣት አያይም።

ስመለስ ያነበብኩት ነገር ነው ነገሩን ያሰረልኝ። ኤሊን ሳተር የምትባል አሜሪካዊት የሥነ ምግብ ባለሙያ ሥራውን ለሁለት ትከፍለዋለች። ምን፣ መቼና የት እንደሚበላ የሚወስነው ወላጅ ነው። መብላት አለመብላቱን፣ ምን ያህል እንደሚበላም የሚወስነው ልጁ ነው። ጎረቤታችን ይህንኑ በአንድ «አብሽሪ» ጨርሰውታል።

አሁን ቤት የምናደርገው ይህን ነው። ሁላችንም አንድ ትሪ ላይ እንቀርባለን። ትሪው ላይ ሁልጊዜ እሱ የሚያውቀው አንድ ነገር አለ፤ ዳቦ ወይም ድንች። አዲሱ ነገር አንድ የሻይ ማንኪያ ብቻ ነው። መጠኑን በተመለከተ፣ በዕድሜው ልክ ከእያንዳንዱ ምግብ አንዳንድ የሾርባ ማንኪያ ይበቃል ይላሉ፤ ለሁለት ዓመት ልጅ ሁለት ማንኪያ። እማዬ ብትሰማ ጉድ ትላለች። በምግብ መሀል መክሰስ በሰዓቱ ነው፣ እየተንጠባጠበ አይደለም። «ጎመን ከበላህ ቸኮሌት» አንልም፤ ጎመንን ቅጣት፣ ቸኮሌትን ሽልማት ያደርገዋል። ከሃያ፣ ሠላሳ ደቂቃ በኋላ ትሪው ይነሳል። ቢበላም ባይበላም።

ጉርሻን ግን አልተውኩም። ጉርሻ ፍቅር ነው። አፉን ከከፈተ አጎርሰዋለሁ፣ ካልከፈተ እጄን መልሼ ራሴ እጎርሳለሁ።

ከአገር ቤት ስትመለሱ ምን ትያዙ? ነጭ ሽሮ፣ በሶ፣ የቅንጬ ክክ፣ የአጥሚት ዱቄት። ቅቤና አይብ አትያዙ። የአውሮፓ ኅብረት ከኢትዮጵያ የሚመጣ መንገደኛ የወተትና የሥጋ ውጤት እንዲያስገባ አይፈቅድም። የእማዬ ሁለት ኪሎ ቅቤ አየር ማረፊያው ላይ ቀረ። እኔ ቆሜ ሳየው ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ገባ። አሁን ጨው የሌለበት የሱፐርማርኬት ቅቤ በኮረሪማና በበሶብላ አነጥራለሁ። ያው አይደለም፣ ግን ልጁ ልዩነቱን አያውቅም።

መልስ፣ ከሚላኖ

እህቴ፣ የኔው የተገላቢጦሽ ነው። ልጄ እንጀራ ብቻ ነው የምትበላው። የወሎ ልጅ መሆኗን አስመስክራለች! መዋያዋ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ጾሟን ትውላለች። ሞግዚቶቹ እየጠሩ ይወቅሱኛል። እኔ ደግሞ በልቤ ትንሽ ደስ ይለኛል፣ አትፍረዱብኝ። አሁን ፓስታውን እንጀራ ላይ እያስቀመጥኩ ነው። ሰው ቢያየኝ ያሳፍራል።

መልስ፣ የኮምቦልቻ ልጅ፣ ከቶሮንቶ

ነርስ ነኝ። ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ ቡና ሲፈላ ቆሎው ይመጣል። አራት ዓመት ላልሞላው ልጅ ቆሎም ሆነ ሙሉ ኦቾሎኒ አትስጡ። ትንታው አደገኛ ነው። የባቄላ እሸትም ቢሆን ልጣጩ ተነስቶ፣ በደንብ በስሎ፣ ተፈጭቶ ነው። ሁለተኛ፣ ሻይ ዳቦ። አገር ቤት ትንሽ ልጅ ሻይ ይጠጣል። ሻይ ከምግብ ጋር ሲሆን ወደ ደም የሚገባውን ብረት ይቀንሳል። በምትኩ ምስሩ ላይ ሎሚ ጠብ አድርጉ ወይም ብርቱካን አስከትሉ፣ ያ ይረዳዋል።

ደግሞ ሁሉም ነገር በትዕግሥት አያልፍም። ልጁ ክብደት ከቀነሰ፣ ሲውጥ ሁሌ ትን የሚለው ከሆነ፣ ወይም ይበላ የነበረውን አንድ በአንድ እየተወ ከሄደ ሐኪም ይየው። «ዓይን በልቶት ነው» ብላችሁ አትቀመጡ።

መልስ፣ ጽሑፉን የጀመርኩት እኔ

የሚላኖው ወንድሜ፣ ፓስታ በእንጀራ ምንም ነውር የለበትም። አዲስ አበባ ስንቱ ምግብ ቤት ይሸጠው የለ። እንዲያውም ጥሩ መንገድ ነው፤ የምታውቀው ነገር ከማታውቀው አጠገብ ሆነ ማለት ነው። ቀስ እያልክ እንጀራውን አሳንስ።

የኮምቦልቻዋ፣ የቆሎውን ነገር ስላነሳሽ እግዜር ይስጥልኝ። ትንታውን በዓይኔ አይቼ ልጽፈው ረስቼ ነበር። የደም ምርመራውንም አስደርጌያለሁ፣ ብረቱ ዝቅ ያለ ስለነበር ጠብታ ታዞለታል። ሰገራው ጠቆረ ብላችሁ እንደኔ እኩለ ሌሊት ላይ እንዳትደነግጡ፣ መድኃኒቱ ነው።

አሁን የሚበላው አስራ ሰባት ደርሷል። ጭረቱ ፍሪጁ ላይ ነው። እማዬ እሑድ እሑድ በቪዲዮ ትደውልና ሰላምታው ሳያልቅ «ዕቁቡ እንዴት ነው?» ትለኛለች።

«ጎመን ደረሰው» አልኳት ትናንት።

«ዓሣስ?»

ዓሣ አስራ አራተኛው ላይ ነው። አሁንም ይተፋዋል።