ለኮሎራዶ የአጋዘን አደን የቱን ጠመንጃ ልግዛ?

ወገኖች፣ ምክራችሁን እፈልጋለሁ። በምስራቅ ኮሎራዶ ሜዳ ላይ ሚዩል ዲር የሚባለውን አጋዘን ለማደን ፈቃድ ደርሶኛል። ቦታው ገላጣ ነው። ተጠግቶ መተኮስ ስለሚከብድ እስከ 300 ያርድ (275 ሜትር ገደማ) የሚያስተማምን ጠመንጃ ያስፈልገኛል።

6.5 ክሪድሞር እና .270 ዊንቸስተር በሚባሉ ሁለት የጥይት ዓይነቶች መካከል ተወጥሬያለሁ። የመጀመሪያው ርግጫው ቀለል ይላል፤ ትከሻዬ ደግሞ ታሞ የዳነ ነው። ሁለተኛው ከ1925 ጀምሮ የተፈተነ ነው፤ ጥይቱም ፈጣን ነው።

የግዛቱ ሕግ ለአጋዘን ቢያንስ 70 ግሬን (4.5 ግራም ገደማ) የሚመዝን፣ ሲመታ የሚሰፋ አረር ይጠይቃል። እሱ አያሳስበኝም፤ ሁለቱም ያሟላሉ። የሚያስጨንቀኝ እንስሳው ቆስሎ እንዳያመልጥና እየተሰቃየ እንዳይሞት ነው። የ6.5ቱ ባለ 143 ግሬን አረር በዚያ ርቀት በደንብ ይሰፋል? ወይስ የ.270ው ባለ 130 ይሻላል? ነፋስ ባለበት ሜዳ የተኮሳችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ ያያችሁትን ንገሩኝ።