የጉበት ላፓራስኮፒ ልምምድ ላይ ግራ ገብቶኛል፣ እርዱኝ
ሰላም ሰርጀሪ ላይ ያላችሁ። ሬዚደንት (ስፔሻሊስት ለመሆን የምሠለጥን ሐኪም) ነኝ፣ የምኖረው ኮዬ ፈጬ ነው። በላፓራስኮፒ (ሆድ ሳይከፈት፣ በትንንሽ ቀዳዳዎች ካሜራና መሣሪያ አስገብቶ በሚሠራ ቀዶ ሕክምና) ጉበት ሲሠራ እስካሁን ካሜራ ከመያዝ አላለፍኩም። ስለዚህ ቤት ውስጥ የፕላስቲክ ሳፋ ደፍቼ፣ መሣሪያው የሚገባበትን በስቼ፣ ስልኬን እንደ ካሜራ አስሬ፣ ከሰፈር ሥጋ ቤት የገዛሁትን የበግ ጉበት እቆርጣለሁ። (ጾም ሲገባ እሱም የለም!) ስፌቱ እየመጣልኝ ነው። ችግሩ ደም ነው፤ የሞተ ጉበት አይደማም። ታዲያ የፕሪንግልን ዘዴ፣ ወደ ጉበት የሚገባውን ደም 15 ደቂቃ አፍኖ 5 ደቂቃ መልቀቁን፣ በምን ልለማመደው? ባለ ሥጋ ቤቱ ደግሞ የደም ሥሮቹን ከሥራቸው ቆርጦ ነው የሚሰጠኝ። በፖርታል ቬኑ (ከአንጀት ወደ ጉበት ደም በሚያመጣው ትልቅ የደም ሥር) በኩል ቀይ ውሃ በፓምፕ የገፋ ሰው ካለ ቱቦውን እንዴት እንዳሰረው ይንገረኝ። ሙሉ ጉበት ከነደም ሥሩ ለማግኘትስ ቄራ ሄጄ ምን ብዬ ልጠይቅ?