«ርካሽ ስለሆነ ነው የሚደብቁን»?

የኮዬዋ፦ ትናንት እድር ላይ አንድ ሰውዬ ተነስቶ ምን ቢል ጥሩ ነው? «የስኳር ኪኒኗ ሜትፎርሚን ከካንሰር መድኃኒቱ ከኬሞ ጋር ስትወሰድ የኦቫሪ (የሴት እንቁላል ማፍሪያ) ካንሰርን ታድናለች። ርካሽ ስለሆነች ነው የሚደብቁን።» ኬሞ የጀመረችው ጎረቤታችን እዚያው ተቀምጣ እየሰማች! ዛሬ በጠዋት ልጇን ፋርማሲ ልካለች። ኧረ ተዉ!

ብሎክ 12፦ ሰውዬው እኔ ነኝ። «ታድናለች» አላልኩም፣ «ታግዛለች» ነው ያልኩት። የአሜሪካውን ሆስፒታል የማዮ ክሊኒክን የ2013 ጥናት አንብቢ። ኦቫሪ ካንሰር ይዟቸው ሜትፎርሚን ይወስዱ ከነበሩት 67 በመቶው አምስት ዓመት ኖረዋል። ካልወሰዱት 47 በመቶው ብቻ። እኔ ፈጠርኩት?

ነጭ ጋውን፦ ጋሼ፣ ቁጥሩ ልክ ነው። ግን የድሮ መዝገብ ተገላብጦ የተገኘ ነው። ማን ይውሰድ ማን አይውሰድ በዕጣ አልተለየም። ሜትፎርሚን ኩላሊቱ ለደከመ ሰው አይታዘዝም። ስለዚህ ወሳጆቹ ድሮም ጠንከር ያሉት ሊሆኑ ይችላሉ።

ብሎክ 12፦ የአሜሪካው የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ጥናትስ? 2020 ላይ የወጣው። ስኳር የሌለባቸው 38 ሴቶች ከኬሞ ጋር ወሰዱ። ግማሾቹ ከ57 ወር በላይ ኖረዋል። ዕጢው ውስጥ ካንሰሩን መልሰው የሚያበቅሉት ሴሎችም ቀንሰዋል። ፋብሪካ የማያተርፍበት ነገር ስለሆነ ዝም ተባለ።

ነጭ ጋውን፦ ከማን ጋር ተወዳድረው? ኬሞውን ብቻ የወሰደ ቡድን ጥናቱ ውስጥ የለም። እነዚያው የኬሞ መድኃኒቶች፣ ካርቦፕላቲንና ፓክሊታክሰል፣ ለማህፀን ግድግዳ ካንሰር ሲሰጡ ሜትፎርሚን ተጨምሮ በዕጣ ተሞክሯል። ስላልጠቀመ ተቋረጠ። ጡት ካንሰር ላይም ከ3,600 በላይ ሰው ተሳትፎ 2022 ላይ ለውጥ የለም ተባለ።

ብሎክ 12፦ እኔ ስለ ኦቫሪ ነው የማወራው፣ አንተ ጡት ትለኛለህ!

የኮዬዋ፦ ራስህ ስለ ስኳር ጀምረህ የለ እንዴ?

ጀሞ፦ ይቺን «ርካሽ» ግን ዝም ብላችሁ አታሳልፏት። ዴክሳሜታዞን ውድ ነው? 2020 ላይ ለጠና ኮሮና ይረዳል ሲባል ወዲያው ዓለም ሁሉ ተጠቀመበት። ማን ደበቀው? ፓክሊታክሰል ከመሰጠቱ በፊት ራሱ ዴክሳ ይሰጣል፣ ሰውነት እንዳይቆጣ። ርካሽ መድኃኒት ኬሞ ክፍል ውስጥ ሞልቷል።

ብሎክ 12፦ አንዱን አምጥተህ ሁሉን አትሸፍን። በአንድ ስኒ ቡና ዋጋ ለሚገኝ ኪኒን ማን ነው ትልቅ ጥናት የሚከፍል?

ነጭ ጋውን፦ የጡቱን እኮ የመራው የካናዳ የካንሰር ጥናት ቡድን ነው፣ የመድኃኒት ፋብሪካ አይደለም። እየነገርኩዎት!

ሳሚ ታክሲ፦ እድር ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ክሊኒክ የሆነው? ብሎክ 12 መጀመሪያ መዋጮህን ክፈል።

ብሎክ 12፦ ከፍያለሁ! ደረሰኙን ላምጣ? ገንዘብ ያዡን ጠይቅ!

የኮዬዋ፦ ወደ ጉዳዩ ተመለሱ። ብትውጠው ምን ትሆናለች?

ነጭ ጋውን፦ ሜትፎርሚን ብቻውን ሆድ ያውካል፣ ያስቀምጣል። ኬሞው ያስታውካል። ውኃ ካለቀባት ኩላሊቷ ይጎዳል። ያኔ መድኃኒቱ ሰውነቷ ውስጥ ይጠራቀምና ደም ውስጥ አሲድ ሊበዛ ይችላል። የሚያጋጥመው አልፎ አልፎ ነው፣ ግን ይገድላል። ስኳር ኖሮባት ድሮ የታዘዘላት ከሆነ ደግሞ በራሷ አታቋርጥ። ሁለቱንም ለሚያክማት ሐኪም ትንገር።

ልጇ፦ እናቴ እዚህ ግሩፕ ላይ አለች። ሁሉን እያነበበች ነው። ስኳር የለባትም። ፋርማሲው ያለ ማዘዣ አልሰጥም ብሎ መልሶኛል።

ብሎክ 12፦ ይኸው! አላልኩም? ርካሽ ስለሆነ ነው የከለከሉሽ።

ጀሞ፦ ያለ ማዘዣ ስለሄደች ነው ሰውዬ! ውድ ቢሆን ሊሸጥላት ነበር?

ብሎክ 12፦ ውድ ቢሆንማ በር ድረስ ያመጡላት ነበር።

ነጭ ጋውን፦ ልጄ፣ ቀጣዩ ዙር መቼ ነው? ጥያቄውን በወረቀት ጽፈሽ ይዘሽ ሂጂ።

ሳሚ ታክሲ፦ እኔ አደርሳችኋለሁ፣ ሌሊት 11 ሰዓት በር ላይ ጠብቁኝ። ብሎክ 12 ግን አብሮ አይሳፈርም።

ብሎክ 12፦ ማን ለመነህ? ደረሰኙን ፎቶ አንስቼ እየለጠፍኩ ነው፣ ጠብቅ።